በሣጥን የተቀበረው ሹፌርና ከመሥሪያ ቤቱ የተደወለለት ስልክ

ማታ ሥራ አልቆ፣ ስልካችንን ቻርጅ ላይ ሰክተን ጋደም ስንል የምናየው ነገር ይታወቃል፤ የቱርክ ተከታታይ ድራማ፣ የህንድ ፊልም፣ የሀገር ቤት ቀልድ። ደክሞን ስለምንውል ቀለል ያለ ነገር መምረጣችን አይገርምም። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግኩት ፊልም ግን ቀላል አይደለም። ስሙ «በሪድ» ይባላል፤ «የተቀበረው» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሲሆን በጊዜው ብዙ ሰው ሳያየው አለፈ፤ ዛሬም ስሙን የሚያነሳው ጥቂት ነው። እኔ ግን በሰው አገር በኮንትራት ስለሚሠራ ሰው ከተሠሩ ፊልሞች ውስጥ ይህን ያህል ወደ እኛ ኑሮ የቀረበ አላየሁም። ይህን የምለው በፊልሙ ውስጥ አንዲትም የቤት ሠራተኛ እንደሌለች እያወቅኩ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ፖል ኮንሮይ የሚባል አሜሪካዊ የከባድ መኪና ሹፌር ኢራቅ ውስጥ ለአንድ ኩባንያ ዕቃ ያመላልሳል። ወታደር አይደለም። የሄደው ለደመወዝ ነው፤ ሚስትና ልጅ ሀገር ቤት ትቶ። ዓይኑን ሲገልጥ ከመሬት በታች፣ ከእንጨት በተሠራ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ታስሮ ራሱን ያገኛል። አብረውት ሲጓዙ የነበሩ መኪኖች ተጠቅተዋል፣ የሥራ ባልደረቦቹ ተገድለዋል። አጠገቡ ላይተርና ሞባይል አለ። ሞባይሉን የተዉለት አጋቾቹ ናቸው፤ ደውሎ 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲያስመጣላቸው ነው የሚፈልጉት። የሰጡት ጊዜ እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ ካሜራው ከሣጥኑ አይወጣም። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ። የሚስቱን ፊት አናይም፣ የባለሥልጣኖቹን አናይም፣ የአጋቹንም አናይም። በስልኩ ስክሪን ላይ ከምትመጣ አንዲት ቪዲዮ በቀር ሌላው ሁሉ ድምፅ ብቻ ነው። ዘመዶቻችንን ለዓመታት በድምፅ ብቻ ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ፊልሙን ያዘጋጀው ሮድሪጎ ኮርቴስ የሚባል ስፔናዊ ነው፤ ድርሰቱ የአሜሪካዊው የክሪስ ስፓርሊንግ ነው። ሹፌሩን ሆኖ የተወነው ራያን ሬይኖልድስ ነው፤ በቀልደኛ ፊልሞቹ የምታውቁት ያው ሰው። ታሪኩ የኢራቅ ይሁን እንጂ የተቀረጸው ባርሴሎና ውስጥ በ17 ቀን ነው። የወጣበት ገንዘብ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ይህ ለሆሊውድ የሻይ ነው። 7 ሣጥኖች አሠርተው እንደ ቀረጻው ዓይነት ያቀያይሯቸው ነበር።

መብራቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ላይተሩ ሲበራ ሣጥኑ ቢጫ ይሆናል፤ ግን እሳት አየር ይበላል፣ ስለዚህ ባበራ ቁጥር ከዕድሜው ላይ እየቀነሰ ነው። የስልኩ ስክሪን ሲበራ ሰማያዊ ይሆናል፤ እሱም ባትሪ ይበላል። ለማየት የሚከፍለው ዋጋ አለ። ብዙ ዳይሬክተር ይህን በንግግር ያስረዳን ነበር፤ ኮርቴስ ግን ዝም ብሎ ያሳየናል።

ታዲያ ለምን ተረሳ? በጥር 2010 ሰንዳንስ በሚባለው የፊልም ፌስቲቫል ሲታይ ብዙ ተወርቶለት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት ሲገባ ግን ያስገባው 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ስፔኖች ጎያ በሚባለው ሽልማታቸው ለድርሰቱ፣ ለቅንብሩና ለድምፁ ሸልመውታል፣ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ቀዘቀዘ። በከፊል ይገባኛል። ቲኬት ገዝቶ ሰው ሲታፈን ለማየት የሚሰለፍ ማን ነው? በዚያ ላይ አሜሪካውያን ስለ ኢራቅ መስማት ሰልችቷቸው ነበር፤ ስለዚያ ጦርነት የተሠሩት ፊልሞች አብዛኞቹ ገበያ አላገኙም። «አንድ ሰው በሣጥን ውስጥ» ሲባልም ሰው የብልጠት ማሳያ እንጂ ታሪክ ያለው ፊልም አይመስለውም። ታሪክ ግን አለው፤ ያውም ስለ ሥራ ውል።

መጀመሪያ ስልኮቹን እንይ። ፖል ወደ አሜሪካ የድንገተኛ አደጋ ቁጥር ይደውላል። የምታነሳው ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ያለች ኦፕሬተር ናት። ያለሁት ኢራቅ ነው፣ ከመሬት በታች ነኝ ሲላት አእምሮዋ አይቀበለውም። ክፉ ሴት አይደለችም፤ በፊቷ ያለው ቅጽ ውስጥ «ሣጥን ውስጥ» የሚል ሳጥን ስለሌለው ነው። ወደ ቤቱ ይደውላል፤ የሚመልስለት የተቀዳ የሚስቱ ድምፅ ነው፣ መልእክት ይተዉ የሚል። ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይደውላል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፉታል። የሚስቱ ወዳጅ ለሆነች ሴት ይደውላል፤ በአነጋገሩ ተቆጥታ ልትዘጋበት ትደርሳለች። እናቱ ጋ ይደውላል፤ እናቱ የመርሳት በሽታ ስላለባት ማን እንደሆነ አታስታውስም።

ይህን የእናት ስልክ ሳላለቅስ ማየት አልቻልኩም። ከሁሉም ሰው የሚፈልገው ነገር አለው፣ ከእሷ ግን ምንም አይፈልግም፤ ድምፅዋን መስማት ብቻ።

ሀገር ቤት ደውላችሁ ችግራችሁን ሳትናገሩ «ሰላም ነኝ፣ ሁሉም ጥሩ ነው» ብላችሁ የዘጋችሁ ሁሉ ይህን ክፍል ከማንም በላይ ይገባችኋል።

ቁጥሮቹንም ተመልከቱ። ፖል በቃሉ የሚያውቀው ስልክ ጥቂት ነው፤ እንደ ሁላችንም ቁጥሮቹ የነበሩት በሌላ ስልክ ውስጥ ነው። አዲስ ቁጥር በተሰጠው ቁጥር በሣጥኑ ክዳን እንጨት ላይ ይጽፈዋል። ስልክ ተቀምታ «የማንም ቁጥር በቃሌ የለም» ያለች እህት በየከተማው ታገኛላችሁ። ፊልሙ ይህን ለማስተማር አልተሠራም፣ ግን ካየሁት በኋላ ሦስት ቁጥር በቃሌ ያዝኩ።

ሌላው ነገር አድራሻ ነው። የሚደውልለት ሁሉ የሚጠይቀው መጀመሪያ «የት ነህ?» ብሎ ነው። አያውቅም። ሊረዱት የሚፈልጉትም ሰዎች በዚህ ተይዘው ይቀራሉ። ከእኛም ውስጥ ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት እየኖረች የመንገዱን ስም የማታውቅ ብዙ ናት። በመኪና ተወስዳ ገባች፣ ከዚያ ወዲያ የምትወጣው ቆሻሻ ለመጣል ብቻ ነው። ለፖሊስም ለቆንስላም ብትደውል «ነጭ ቤት ነው፣ ጥግ ላይ ነው» ከማለት ያለፈ ነገር የላትም። ሆኖም በየአገሩ የቤቱ መለያ ደጃፉ ላይ ተለጥፏል። ኩዌት ከሆናችሁ በሕንፃው ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ አለ፣ ቁጥሩ የዚያ ቤት ብቻ ነው። ዱባይ «መካኒ» የሚባል 10 አኃዝ ያለው ቁጥር በር አጠገብ ይገኛል። ኳታር ሰማያዊው ሰሌዳ ላይ የዞን፣ የመንገድና የሕንፃ ቁጥር ተጽፏል። ሳዑዲ ደግሞ 4 ፊደልና 4 አኃዝ ያለው አጭር የአድራሻ ኮድ አለ። ቆሻሻ ልትጥሉ ስትወጡ ቀና ብላችሁ ማንበብ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከዚህ በታች የፊልሙን መጨረሻ ጭምር ስለምናገር፣ ሳታውቁ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ጋዜጣውን እዚህ ላይ አቁማችሁ ሌላ ቀን ተመለሱበት።

በፊልሙ ውስጥ በጣም የሚያስፈራው ሰው አጋቹ ጃቢር አይደለም። ከመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ክፍል የሚደውለው ሰው ነው። ድምፁ ጨዋ ነው፣ ቃላቱ የተመረጡ ናቸው። ለፖል ንግግራቸው እየተቀዳ መሆኑን ያሳውቀዋል። ከዚያ ጥያቄ ይጠይቀዋል። ፖል ኩባንያው ሊያድነው የደወለ መስሎት ይመልሳል፤ እባካችሁ ድረሱልኝ ይላል። ሰውየው ግን ይዞት የመጣው ሌላ ጉዳይ ነው፦ ፖል ከአንዲት የሥራ ባልደረባው ጋር የተከለከለ ግንኙነት ነበረው ተብሏልና ከሥራ ተሰናብቷል። መቼ? ዛሬ ጠዋት። ከመታገቱ በፊት ማለት ነው። ስለዚህ በታገተበት ሰዓት የኩባንያው ሠራተኛ አልነበረም። ሠራተኛ ካልነበረ ኩባንያው ለቤተሰቡ የሚከፍለው የሕይወት መድኅን የለም።

ፖል ግንኙነት የሚባል ነገር እንዳልነበር ይናገራል። ሴትየዋ ራሷ በአጋቾቹ ተገድላለች፤ ልትመሰክር አትችልም። ሰውየውም እያዘነ ሳይሆን እያረጋገጠ ነው የሚያወራው፣ የተናገርኩትን ተረድተሃል ወይ፣ ብሎ። የሚፈልገው «አዎ» የሚለው ቃል በቅጂው ላይ እንዲገባለት ነው።

ይህን ክፍል ከሌሎች ጋር ሆኜ ሳየው አንዳንዱ ሰው «የለም፣ ይህማ ተጋነነ፣ ሣጥን ውስጥ ላለ ሰው ማን ነው ስንብት የሚደውል?» ይላል። እኔ አልተጋነነም ባይ ነኝ። የተጋነነው ሣጥኑ ነው። ስልኩ ግን የዕለት ተዕለት ነገር ነው። የተደረገውን ነገር አንድ ጊዜ ቀስ ብለን እናስብ። ሠራተኛው ጉዳት ደርሶበታል። አሠሪው ጉዳቱን ሊለውጠው አይችልም፤ ቀኑን ግን ሊለውጠው ይችላል። «ሠራተኛዬ ነበር» የሚለው ጊዜ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት እንዲያበቃ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የደረሰው ነገር ሁሉ የማንም አይደለም።

በእኛ ሰፈር ይህ ነገር ስም አለው። ሳዑዲ ያላችሁ «ሁሩብ» ትሉታላችሁ፤ በሌሎቹም አገሮች «ጠፋች» የሚል ክስ ነው። ክሱ የተፈጠረበት ምክንያት እንዳለ አውቃለሁ፤ ወጪ አውጥቶ ያስመጣት ሠራተኛ በሌሊት የወጣችበት አሠሪ ማሳወቂያ መንገድ ያስፈልገዋል፣ ብዙው አሠሪም ሕጉን ያለ ተንኮል ነው የሚጠቀምበት። ችግሩ በሐሰት ሲሆን ነው። ደመወዟ ለወራት ያልተከፈላት ሴት «ክፈሉኝ» ባለች ማግስት፣ ወይም ታማ ሆስፒታል በገባች ማግስት፣ ወይም ከደረጃ ወድቃ እግሯ በተሰበረ ሳምንት «ጠፍታለች» ተብሎ ይመዘገባል። አልጠፋችም፤ ያለችበት ይታወቃል። በወረቀት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንም ሠራተኛ አይደለችም። የደመወዝ ጥያቄዋ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወደ ፊት የሚመጣው የእሷ «ጥፋት» ነው። የስንብቱ ምክንያት ደግሞ ልክ እንደ ፊልሙ አብዛኛውን ጊዜ የሥነ ምግባር ነው፤ ከሹፌሩ ጋር ታወራለች፣ ስልክ ታበዛለች፣ ሰው ታስገባለች። ለምን የሥነ ምግባር ክስ እንደሚመረጥ ግልጽ ነው። ሥራ አትችልም ቢባል ሁለት ዓመት ስትሠራ የት ነበራችሁ ይባላል። የሥነ ምግባሩን ግን ማስረዳት ያለባት እሷ ትሆናለች፣ ለሀገር ቤትም ማውራት የሚያሳፍራት እሷ ናት።

ስፓርሊንግ ይህን ሲጽፍ ስለ ባሕረ ሰላጤው የቤት ሠራተኞች አስቦ ነው አልልም። ስለ አሜሪካ ኩባንያዎች ነው የጻፈው። ግን የውል ተንኮል በየትም አገር አንድ ዓይነት ነው፤ እሱም ያየው እሱን ነው።

በዚህ ላይ ሌላ የምታስተውሉት ነገር አለ፤ ኩባንያው ቅጂ አለው፣ ፖል የለውም። ንግግሩን የቀዳው አንድ ወገን ብቻ ነው። ውሉም ያለው በዚያው ወገን እጅ ነው። ከእናንተ ውስጥ የሥራ ውሏን ፎቶ አንስታ ሀገር ቤት ላለ ሰው የላከች ስንት ናት? ፓስፖርቱስ? ፓስፖርት የሠራተኛዋ መሆኑን የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ከ2015 ጀምሮ፣ የኤምሬቶቹ ደግሞ በ2022 በወጣው ድንጋጌ ይናገራሉ። ወረቀቱ በማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ቢሆን እንኳ ፎቶው በእህታችሁ ስልክ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ፊልሙን ማመስገኔ ይበቃል፤ የማልስማማበትም አለ። ተቀባሪው ለምን አሜሪካዊ ሆነ? ገበያው ነው፣ ይገባኛል። ግን በእነዚያ ዓመታት ኢራቅ ውስጥ ምግብ ያበሰለው፣ ልብስ ያጠበው፣ መኪና የነዳው ሁሉ አሜሪካዊ አልነበረም። ከኔፓል፣ ከህንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከባንግላዴሽ በደላላ ተመልምሎ የሄደ ሰው ብዙ ነበር። በነሐሴ 2004 (እ.ኤ.አ.) 12 የኔፓል ሠራተኞች በዮርዳኖስ በኩል ኢራቅ እንደገቡ ታግተው ተገደሉ። ወጥ ሊያበስሉና ጽዳት ሊሠሩ ነበር የሄዱት። ስለ እነሱ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ካሜራ ይዞ የተቀመጠ የሆሊውድ ኮከብ አላውቅም። የሞባይል ስልክ አጠገባቸው ቢያስቀምጡላቸውስ የት ይደውሉ ነበር? ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋር ተሟግቶ የሚናደድ ፖል እንኳ ቢያንስ የሚያነሳለት ሰው አለው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ተቃራኒ ነገር ሆኗል። አንድ ፊሊፒናዊ የከባድ መኪና ሹፌር እንደ ፖል ኢራቅ ውስጥ ታገተ። አጋቾቹ የጠየቁት የፊሊፒንስ ወታደሮች እንዲወጡ ነበር። ማኒላ ውስጥ ሕዝቡ ተነሣ፤ ምክንያቱም ከየቤቱ አንድ ሰው ውጭ አገር ይሠራልና ሹፌሩ የሁሉም ወንድም ነበር። መንግሥት ጥቂት ወታደሮቹን ከታቀደው ጊዜ ቀድሞ አስወጣ፣ ሹፌሩም በሕይወት ተመለሰ። አሜሪካና ሌሎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ለአጋች መንበርከክ ሌላ እገታ ይጠራል ብለው። ክርክሩ ቀላል አይደለም፣ ትክክል ሊሆኑም ይችላሉ። እኔ ግን ይህን ታሪክ የማነሳው ለሌላ ነገር ነው። ያ ሹፌር የዳነው መንግሥቱ ከሌሎቹ የበለጠ ደግ ስለነበረ አይመስለኝም። ውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎች ቤተሰቦች ብዙ ስለነበሩ፣ ድምፃቸውም በምርጫ የሚቆጠር ስለነበረ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለው ፖል ብቻውን ነው፤ ከእሱ ሌላ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ምን እንዳለ አንሰማም። ይህ ለአስፈሪነቱ ጠቅሟል፣ ለእውነትነቱ ግን አልጠቀመም።

አጋቹን ጃቢርን በተመለከተም እንዲሁ። ኮርቴስ ጭራቅ አላደረገውም፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሥራ እንዳጣ፣ ጦርነቱ ልጆቹን እንደወሰደበት ይናገራል። ፖል ደግሞ እኔ ምን አደረግሁህ፣ እኔ ሹፌር ብቻ ነኝ ይለዋል። ሁለቱም ድሆች ናቸው፣ ሁለቱም ሌላ ሰው የጀመረው ነገር ውስጥ ገብተዋል፣ በሌላ ሰው ቋንቋም እየተጯጯሁ ነው። በማብሰያ ቤት አረብኛ ነፍሱን ለማዳን የተከራከረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቃሉ ሲጠፋችሁ ድምፃችሁ ይጨምራል፣ ድምፃችሁ ሲጨምር «ትጮሃለች» ትባላላችሁ። ነገር ግን የጃቢር ታሪክ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ይቀራል። ትንሽ ቢጨመርበት ኖሮ።

እባቡንም አልወደድኩትም። መሐል ላይ እባብ ወደ ሣጥኑ ይገባል። ታዳሚው ይደነግጣል፣ ግን ምንም አያመጣም። ሰው በስልክ ከሥራ ሲባረር ማየት ከእባብ ይበልጥ ያስፈራል፤ ዳይሬክተሩ ይህን ማመን ነበረበት።

ወደ መጨረሻው እንምጣ። ዳን ብሬነር የሚባል ሰው አለ፤ ሥራው ኢራቅ ውስጥ የታገቱትን መፈለግ ነው። ድምፁ ያረጋጋል፣ እየደወለ ይጠይቀዋል፣ እየመጣን ነው ይለዋል። ፖል ግን ማመን ያቅተዋል፤ እስከ ዛሬ ስንት ሰው አድናችኋል ይለዋል፣ አንድ ሰው በስም ጥራልኝ ይለዋል። ብሬነር ስም ይሰጠዋል፦ ማርክ ኋይት፣ 26 ዓመቱ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ያዳንነው፣ አሁን ቤቱ ነው። ፖል በዚህ ስም ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። በመጨረሻም ቦታውን አገኘን፣ እየቆፈርን ነው ይሉታል። አሸዋው ሣጥኑን እየሞላ ነው። ከላይ የቆፈሩት ሣጥን ሲከፈት ግን በውስጡ ያለው ማርክ ኋይት ነው። ያዳኑት ሰው አልነበረም። ብሬነር ይቅርታ እየጠየቀው ስክሪኑ ይጨልማል።

ብዙ ሰው በዚህ መጨረሻ ይናደዳል። የተናደደው አንዱ ወገን ፊልሙ ጨካኝ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ብሬነር ምን ያድርግ ነው የሚለው፤ ሊሞት ለደረሰ ሰው ተስፋ መስጠት ነውር አይደለም፣ ለታመመ ሰውም «ትድናለህ» ነው የሚባለው። ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ በእኛ ባህልም መርዶ እንኳ በማለዳ ተሰብስቦ እንጂ በስልክ ዘሎ አይነገርም። ሆኖም እኔ ከብሬነር ጋር አልቆምም። ምክንያቴ ይህ ነው፦ ፖል «ማዳናቸው አይቀርም» ብሎ ባመነበት ጊዜ ያደረገውና ያላደረገው ነገር አለ። እውነቱን ቢያውቅ ባትሪውን ለማን ያውለው ነበር? ለሚስቱ ስንት ደቂቃ ይሰጥ ነበር? ከሚስቱ ጋር የሚያደርገውን የመጨረሻ ንግግር የሚያቋርጠው እኮ ብሬነር ስለደወለ ነው። ውሸቱ ለፖል ማስታገሻ ሆኖለት ይሆናል፤ ግን የራሱን ቀሪ ጊዜ በራሱ እንዳያዝ አድርጎታል።

በዚህ በባሕረ ሰላጤው የምንኖር ሰዎች ብሬነርን እናውቀዋለን፤ አንዳንዴም እኛው ነን። በር የተዘጋባት ልጅ ስትደውል «አይዞሽ፣ ነገ ሰው ይመጣል፣ አናግረናል» እንላታለን። ማንንም አላናገርንም። ደግ መሆናችን ነው። እሷ ግን «ነገ ይመጣሉ» ብላ አንድ ቀን ትጠብቃለች፣ ሁለት ቀን ትጠብቃለች፣ በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ ራሷ ልትደውልለት የምትችለው ፖሊስ ሳይደወልለት ይቀራል። «እስካሁን ያገኘነው ሰው የለም፣ አንቺ ይህን ቁጥር ሞክሪ፣ እኔም በዚህ በኩል እሞክራለሁ» ማለት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ለመስማት ያስጨንቃል እንጂ ሣጥን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ስል አንድ ሌላ ፊልም ትዝ ይለኛል። ስዊድናዊው ጉስታቭ ሞለር እ.ኤ.አ. በ2018 በዴንማርክ ያወጣው «ዘ ጊልቲ» ነው፤ አሜሪካኖች በ2021 ደግመው ሠርተውታል። እሱ የሚካሄደው በሌላኛው የስልኩ ጫፍ ነው፤ የድንገተኛ ጥሪ ተቀባይ ሆኖ በተመደበ ፖሊስ ጠረጴዛ ላይ። አንዲት ሴት ትደውላለች፣ በነፃነት መናገር አትችልም፣ ሰውየውም የሆነውን ነገር ከድምፅዋ ብቻ ለመገመት ይሞክራል። መገመቱ የት እንዳደረሰው አልናገርም። ሁለቱን በተከታታይ ብታዩ ስለ ስልክ ያላችሁ አስተያየት ይለወጣል፤ መጀመሪያ «በሪድ»ን፣ ከዚያ የዴንማርኩን።

«በሪድ» ለመመልከት 95 ደቂቃ ይፈጃል። እንግሊዝኛው በስልክ የሚነገር ስለሆነ ፈጣን ነው፤ ካስቸገራችሁ ከሚሰማ ሰው ጋር ሆናችሁ እዩት፣ ዓርብ ቀን ከሰዓት ቢሆን ይመረጣል እንጂ ሌሊት ከመኝታ በፊት አይሆንም። በር ተቆልፎባት የከረመች፣ ወይም ከማቆያ ቤት የወጣች እህት አብራችሁ ካለች ግን ይህን ፊልም አትጋብዟት። ጨለማውና የትንፋሹ ድምፅ ብቻውን ይበቃል። ለእሷ ከመሥሪያ ቤቱ የተደወለችውን ስልክ ብቻ በቃል ንገሯት፤ ቀሪውን ራሷ ታውቀዋለች።